ወጌሻም ይቆይ፣ አልጋም ይቆይ፦ ስለተሰነጠቀ ጡንቻ

በገና ዕለት በሰሜን ሸዋ ሜዳዎች ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ለሩጫ ያልተነሳ ጎልማሳ ጋቢውን ለልጁ ያቀብላል። ዱላውን ያነሳና ሩሯን ተከትሎ ይፈተለካል። እግሩ ውርጭ ላይ ቆሞ የቆየ ነው። አላሟሟቀም። ጥቂት ሳይቆይ የጭኑን ኋላ ጨብጦ እያነከሰ ከሜዳ ይወጣል። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ነውና መቆጣት አይችልም። ቢችልስ ማንን ይቆጣል? ማንም አልነካውም። የገዛ ሩጫው ነው የጎዳው።

ነገሩ የተጫዋች ብቻ አይደለም። ኅዳር ላይ በሞረትና ጅሩ ማሳ ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ ውለው፣ ቀና ሲሉ ወገባቸውን ቀስፎ የሚይዛቸው አሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ኩንታል ሲያወርድ ትከሻው "ቀጭ" የሚልበት ወዛደር አለ። በበጋ እርከን ሥራ ወጥቶ ድንጋይ ሲያነሳ ብሽሽቱን የሚያመው አለ። አብዛኛው ሰው ከዚያ በኋላ የሚሄደው ወደ ሁለት ቦታ ነው። ወይ ወጌሻ ዘንድ፣ ወይ አልጋ ላይ።

እኔ የምለው ሁለቱም ይቆዩ ነው። የተሰነጠቀ ጡንቻ መታሸት አይፈልግም። ተኝቶ መክረምም አይፈልግም። ለጥቂት ቀን ይጠበቅ፣ ከዚያ በመጠን በመጠን ሥራ ይሰጠው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ውስጡ ምን ይሆናል?

ጡንቻ ብዙ ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ታስረው የሚሠሩት ነው። ገመድን አስቡ። ከአቅሙ በላይ ሲወጠር መጀመሪያ የሚበጠሰው ጥቂት ክር ነው። መጎተቱ ከቀጠለ ግማሹ ይሄዳል። ከባሰም ሙሉው ይበጠሳል። ጡንቻ ግን ውስጡ የደም ሥር ስላለ ክሮቹ ሲበጠሱ ይደማል። ከቀን ሁለት ቀን በኋላ ቆዳ ላይ ብቅ የሚለው በለዝ ይህ ደም ነው። ደም ወደ ታች ስለሚወርድ ጭኑን የተጎዳ ሰው ጉልበቱ ኋላ ጠቁሮ ቢያይ አይደንግጥ። አዲስ ጉዳት አይደለም።

ጡንቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ከጅማት ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው። ጊዜውም ይታወቃል። ጡንቻ እያጠረ ሲጎትት ብዙም አይጎዳም። አደጋው ያለው እየተለጠጠ ሲያግድ ነው። በፍጥነት ስትሮጡ እግራችሁ ወደፊት ይወነጨፋል። መሬት ከመንካቱ በፊት የጭን ኋላ ጡንቻ ፍሬን ይይዘዋል። ያኔ እየተለጠጠም ነው፣ እየጎተተም ነው። የገናው ጎልማሳ ያነከሰው በዚያች ቅጽበት ነው።

ሌላው ነገር ሁለት መገጣጠሚያ የሚያቋርጡ ጡንቻዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። የጭን ኋላ ጡንቻ ከመቀመጫ አጥንት ተነስቶ ጉልበትን አልፎ ይታሰራል። ባትም ከጉልበት በላይ ተነስቶ ተረከዝ ላይ ይታሰራል። ስለዚህ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት እነዚህን ነው። የጭን ፊት፣ ብሽሽትና ወገብ ይከተላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል የወረደ ሰው በማግስቱ ጭኑ አልታዘዝ ይለዋል። ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። በየእርምጃው የጭን ፊት ጡንቻ ፍሬን ሲይዝ ስለዋለ ነው። ይህ ግን የእኛ ጉዳይ አይደለም። ሁለቱንም እግር እኩል ያምማል። የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ድረስ ይበረታል፣ በሳምንት ውስጥ ራሱ ይለቃል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ስንጥቅ ግን ደቂቃው ይታወቃል። "እዚህች ቦታ፣ እንዲህ ሳደርግ" ብላችሁ በጣት ታሳያላችሁ። ባትን ሌሊት ጨምድዶ ይዞ ሲለጠጥ የሚለቀው ክራምፕም ሌላ ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

ሐኪሞች በሦስት ይከፍሉታል። ቀላሉ ጥቂት ክር ብቻ የተበጠሰበት ነው። ያምማል፣ ግን ትሄዳላችሁ። ጉልበቱም ብዙ አልቀነሰም። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። መካከለኛው ብዙ ክር ተበጥሶ ጡንቻው ገና የተያያዘበት ነው። ያነክሳል፣ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ያንን ጡንቻ ለመጠቀም ሲሞከር ድካሙ ግልጽ ነው። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ገደማ አስቡ። ከባዱ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰው ነው። "ጧ" የሚል ድምፅ ሰማሁ የሚል አለ። በጣት ሲነካ ጎድጓዳ ቦታ ይገኛል፣ ወይም ጡንቻው ወደ አንድ ወገን ተሰብስቦ ያብጣል። ይህ ወራት ይፈልጋል። አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

አንድ የቤት ፍተሻ ላክል። "ከኋላ በድንጋይ የመቱኝ መሰለኝ፣ ዞር ስል ማንም የለም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የተረከዙን ትልቅ ጅማት ጠርጥሩ። በሆዱ አስተኙት፣ እግሩ ከአልጋው ጫፍ ይውጣ። ባቱን በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉ። ጤነኛ ከሆነ የመኪና ነዳጅ እንደሚረግጥ ሰው እግሩ ይዘረጋል። እግሩ ንቅንቅ ካላለ ጅማቱ ተበጥሷል ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ሳይሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

ጉዳቱ ቁርጭምጭሚት ወይም ጉልበት መገጣጠሚያው ላይ ከሆነ የተጎዳው አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያ ቀናት አያያዙ ግን ብዙም አይለይም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ከሁሉ በፊት ማቆም ነው። "ሲሞቅ ይለቀኛል" ብሎ መቀጠል የኛ ሰው ትልቁ ችግር ይመስለኛል። ጥቂት ክር የተበጠሰበት ሰው በዚያው ጨዋታ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ሲፈተለክ ቀላሉን ጉዳት መካከለኛ ያደርገዋል። የአንድ ሳምንቱን ነገር ወደ ሁለት ወር ይወስደዋል።

ቀጥሎ ቅዝቃዜ። እረፍት፣ በረዶ፣ ፋሻ፣ እግርን ከፍ ማድረግ የሚለውን ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 በአንድ ቃል አሳጥሮ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የስፖርት ሐኪም ጌብ ሚርኪን ነበር። የሚገርመው ሰውየው በኋላ ራሱ ስለ በረዶው ሐሳቡን ቀይሯል። ቅዝቃዜ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ፈውስ አያፋጥንም፣ ምናልባትም ሊያዘገይ ይችላል አለ። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች መሀል መንገዱን ይዘዋል። ለሕመሙ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቀን መጠቀም ጥሩ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ግን አይደለም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ከሰዓታት በኋላ መድገም ይቻላል። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም፣ ጨርቅ ይኑር።

ደብረ ብርሃን ያለ ሰው በረዶ ከየት ላምጣ ብሎ መጨነቅ የለበትም። በታኅሣሥ ማለዳ ውጭ ያደረ የጀሪካን ውሃ በቂ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለው ግን ከሱቅ ፍሪጅ የቀዘቀዘ ሃይላንድ ቢገዛና በነጠላ ቢጠቀልለው ይሻላል።

ፋሻ እብጠቱን ይቀንሳል። ከጉዳቱ በታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ጠበቅ ይበል እንጂ አይነቅ። ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው ይፈታ። ሲቀመጡ ሲተኙ እግሩ ትራስ ላይ ከፍ ይበል። መራመድ ካሳመመ ለሁለት ቀን በዱላ መደገፍ ነውር የለውም። በሌላኛው እጅ ነው የሚያዘው፣ ከታመመው እግር በተቃራኒ።

በነዚህ ቀናት የሚከለከሉ አሉ። ሙቅ ፎጣ፣ የጋለ ድንጋይ፣ የእሳት ዳር መታሸት ደም እንዲፈስ ያግዛሉ። ከ3 ቀን በኋላ ሙቀት ደስ ካላችሁ ተጠቀሙ። አረቄም ይቆይ። የደብረ ብርሃን ሰው ለብርድ መድኃኒት ነው ቢለኝ አልከራከረውም፣ ለጡንቻ ግን አይደለም። መጠጥ እብጠቱን ያባብሰዋል። ይልቁንም ሕመሙን ስለሚያደነዝዝ ሰውየው የማይገባውን ያነሳል፣ የማይገባውን ይረግጣል።

ወጌሻው

ወጌሻን ለማጣጣል አይደለም የምጽፈው። ቅርብ ነው፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ ሰው ያምነዋል። ፊዚዮቴራፒስት በየጤና ጣቢያው በማይገኝበት አገር "ሂዱና ፊዚዮቴራፒ ተከታተሉ" ብሎ መጻፍ ቀልድ ነው የሚሆነው። ቢሆንም ለዚህ ጉዳት፣ በነዚህ ቀናት፣ ወጌሻ ዘንድ መሄድ ሦስት አደጋ አለው።

አንደኛው ማሸቱ ራሱ ነው። ገና እየደማ ያለን ጡንቻ በቅቤ ወይም በቅባት አጥብቆ ማሸት ደሙን ይጨምራል፣ ለመያያዝ የጀመረውን ክር መልሶ ይበጥሳል። በተለይ ጭን ላይ ምት ያረፈበት ሰው ቶሎ በኃይል ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊሠራ ይችላል። ማጋነኔ አይደለም፣ ደሙ የረጋበት ቦታ ወደ አጥንትነት የሚለወጥበት የታወቀ ችግር ነው። ከዚያ በኋላ ጉልበት እስከ መጨረሻው አልታጠፍ ሊል ይችላል።

ሁለተኛው በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሰር ነው። እግርና ክንድ ውስጥ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን ተከፋፍለው ነው የተቀመጡት። ውስጥ እብጠት አለ፣ ውጭ እስራት አለ። ግፊቱ ሲያይል ደም መግባት ያቆማል። ደም ያጣ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፣ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ይደርሳል። የኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች ከወጌሻ እስራት በኋላ ጋንግሪን (ደም አጥቶ የሞተ ሥጋ) ይዘው የሚመጡና እጅ እግራቸው የሚቆረጥ ሰዎችን፣ ብዙ ጊዜም ሕፃናትን፣ ለዓመታት ሲያዩ ኖረዋል። ምልክቱ አንድ ነው። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው እየባሰ ይሄዳል፣ ጣትን ሲያንቀሳቅሱለት ያስጮኸዋል። "ሊሽር ሲል ነው የሚያመው" ብሎ ማሳደር አይገባም። እስራቱ ይፈታ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂድ።

ሦስተኛው፣ የተሰበረ አጥንት በእጅ ዳሰሳ ብቻ አይታወቅም። ራጅ ያስፈልጋል።

አስቸጋሪው ነገር ሽማግሌዎችን ማሳመን ነው። "ልጄ፣ ሳይታሽ እንዴት ይድናል?" ይላሉ። "እማዬ፣ አልታሽም" ብሎ መሟገት ብዙም አያዋጣም። "እሺ እማዬ፣ ግን እብጠቱ ይውረድ፣ ሳምንት ይለፈው" ማለት ይቀላል። እውነትም ነው። እብጠቱ ከወረደና ቀኑ ከገፋ በኋላ ለስለስ ያለ ማሸት አይጎዳም፣ ዘና ያደርጋል። ያዳነው እሱ ነው ማለት ግን አይደለም። በሳምንቱ አብዛኛው ቀላል ጉዳት ራሱ መሻል ይጀምራል፣ ምስጋናውን ወጌሻው ይወስዳል።

መርፌ ይወጋልኝ

ፋርማሲ ገብቶ "የዲክሎ መርፌ ስጡኝ" የሚል ሰው ብዙ ነው። ለቀላል ጉዳት ፓራሲታሞል ይበቃል። ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ሕመም ያስታግሳሉ፣ ሆኖም ጨጓራ ያለበት፣ ኩላሊቱን የሚያመው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ሐኪም ሳታማክር መውሰድ የለባትም፣ የለበትም። ጨጓራ የማያመው ሰው ማግኘት ራሱ ይከብዳል፣ ስለዚህ ይህን ቀላል አታድርጉት። የቫይታሚን መርፌ ለተሰነጠቀ ጡንቻ የሚያደርገው ነገር የለም።

ማስታገሻ ወስዶ ወደ ሸክም መመለስ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ሕመሙ "እዚህ ጋ በቃህ" የሚል ጠባቂ ነው። ጠባቂውን አስተኝቶ መሥራት ምን እንደሚያመጣ መገመት አያቅትም።

ሕመሙ ለቀቀ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ከተሰነጠቀ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት የሞተውን ያጸዳል። እብጠቱና ሙቀቱ የዚህ ሥራ ክፍል ነው። ከዚያ ጡንቻ አጠገብ ተኝተው የሚኖሩ ህዋሳት ይነቁና አዲስ ክር መሥራት ይጀምራሉ። ጎን ለጎን ጠባሳ ክፍተቱን ይሞላዋል። ይህ አዲስ ጠባሳ መጀመሪያ የተዘበራረቀ ነው፣ ወዲህም ወዲያም ይተኛል። ደካማ ነው። በጡንቻው አቅጣጫ ተሰድሮ እንዲጠነክር የሚያደርገው በልክ መወጠሩ ነው። ሥራ ካልተሰጠው እንደተዘበራረቀ ይደርቃል።

አልጋ ላይ ለሦስት ሳምንት የተኛ ሰው ምን ሆነ ማለት ነው? ጠባሳው አልተሰደረም። ጤነኛው ክርም ሥራ አጥቶ ቀጠነ። ሰውየው ግን አሁን አያመውም። "ድኛለሁ" ብሎ ይነሳል፣ ኩንታል ይሸከማል፣ እዚያው ቦታ ላይ ይበጠሳል። አንዴ የተሰነጠቀ ጡንቻ ዳግመኛ የመሰነጠቅ ዕድሉ ካልተሰነጠቀው በጣም ይበልጣል። ጊዜውም በአብዛኛው ከተመለሱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው።

ታዲያ ሥራው እንዴት ይሰጠዋል? የጭን ኋላውን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አልጋ ላይ በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበት አጠፍ አድርጉና ተረከዛችሁን ፍራሹ ላይ ተጫኑት። እግሩ አይንቀሳቀስም፣ ጡንቻው ግን ይጠነክራል። 5 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ጥቂት ጊዜ ድገሙ። መራመድም ጀምሩ፣ በቤት ውስጥ፣ ከዚያ በግቢ። ይህ ሲቀል ሁለት ጉልበት አጥፋችሁ መቀመጫችሁን ከመሬት አንሱ፣ ዝቅ አድርጉ። ሲቀል ተረከዛችሁን ትንሽ አርቃችሁ ድገሙት። ቀጥሎ በአንድ እግር። ቀጥሎ ዋናው፣ ቀስ እያሉ ዝቅ ማለት፤ ምክንያቱም የተጎዳው እየተለጠጠ ሲያግድ ስለነበር መማር ያለበት ያንኑ ነው። ባቱ ለተጎዳ ደግሞ የበር ደፍ ላይ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ቀስ ብሎ ማውረድ አለ። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ በኋላ በአንድ።

መለኪያው ሕመሙ ነው። ከ0 እስከ 10 ብትቆጥሩት እስከ 3 ድረስ ያለ ሕመም ችግር የለውም። በማግስቱ ጠዋት ስትነሱ ከትናንቱ ያልባሰ ከሆነ ልክ ናችሁ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከባሰ አንድ ደረጃ ተመለሱ። በቀን መቁጠሪያ አትመሩ።

ሩጫ መጨረሻ ላይ ነው። በፈጣን እርምጃ ሳታነክሱ ብዙ መንገድ ከሄዳችሁ ሶምሶማ ጀምሩ። ከዚያ ፍጥነቱን በግማሽ፣ በሌላ ቀን ከግማሽ በላይ፣ በኋላ ሙሉውን። ሙሉ ሩጫ ሳይሞክር ጨዋታ የገባ ሰው ጡንቻውን ጨዋታው ላይ ነው የሚፈትነው።

ገበሬው "ስድስት ሳምንት ማን ይጠብቀኛል፣ ገብሱ ሊረግፍ ነው" ይላል። እውነቱን ነው። መፍትሔው ሥራ መተው ሳይሆን ሥራ መለዋወጥ ነው። ደቦ ካለ ሸክሙን ሌላ ይያዝ፣ እሱ አውድማ ላይ በሬ ይንዳ። የሚያጭድ ከሆነ አጭር ሰዓት አጭዶ ይቁም፣ ቀና ይበል፣ ውሃ ያምጣ፣ ይመለስ። ይህ እረፍትም ነው፣ ሕክምናም ነው። ምግቡ ላይ ሽሮና ምስር ይኑር፣ ከተገኘ እንቁላልና ወተት፤ አዲስ ክር የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ጾም ላይ ከሆነ ባቄላና አተር አሉ።

የወገብ ነገር ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል፣ እዚህ አጭር አደርገዋለሁ። ጎንበስ ብሎ ወይም ሸክም አንስቶ ድንገት የተያዘ ወገብ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይሻላል። ጠንካራ አልጋ ላይ መሬት ላይ መተኛት አያድነውም። ቢበዛ ቀን ሁለት ቀን ቀለል አድርጎ፣ ከዚያ መንቀሳቀስ ነው። ራጅም ለአብዛኛው አያስፈልግም።

ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ

መራመድ ያልቻለ፣ አራት እርምጃ እንኳ ክብደቱን ማሳረፍ ያቃተው፣ ጡንቻው ላይ ጎድጓዳ ያገኘ፣ እግሩ የደነዘዘ ወይም የቀዘቀዘ ሰው ይሂድ። ቦታው ቀልቶ ትኩሳት ከተጨመረ ይሂድ። ከከባድ ሥራ ወይም ከመውደቅ በኋላ ሽንቱ ጠቁሮ ቡናማ ከሆነ ኩላሊቱ አደጋ ላይ ነውና አይደር። ወገቡን የታመመ ሰው ሽንት መሽናት ካቃተው ወይም መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግሩም ከሰነፈ፣ ድንገተኛ ነው።

አንድ የሚያታልል ደግሞ አለ። ምንም ሳይሠራ፣ ሳይሮጥ አንድ ባቱ ያበጠ፣ የሞቀና የታመመ ሰው፣ በተለይ በቅርቡ ተኝቶ የከረመ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም የወለደች እናት ከሆነች፣ ጡንቻ ላይሆን ይችላል። ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ይህን ማሸት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ የረጋው ደም ተነስቶ ወደ ሳንባ ይሄዳልና። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደቂቃ አይባክን።

ቀድሞ መጠንከር

ጡንቻ የሚሰነጠቀው ሥራ ስለበዛ ብቻ አይደለም። ሥራው በድንገት ስለበዛ ነው። ዓመቱን ሙሉ ኩንታል የሚሸከመው ወዛደር ከሚጎዳው ይልቅ፣ ቢሮ ውሎ አንድ ቅዳሜ እህል ሊያስገባ የተነሳው ቶሎ ይጎዳል። እርከን ሥራ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ግማሽ ቀን፣ ትናንሽ ድንጋይ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጨመር ማድረግ የስንፍና ምልክት አይደለም። ኩንታል ሲነሳ ለሁለት ይነሳ፣ ወደ ገላ ይጠጋ፣ ጉልበት ይታጠፍ፣ እንደተሸከሙ ወገብን መጠምዘዝ ይቅር።

ደጋው ላይ ማሟሟቅ ከቆላው ይበልጥ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሳሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። የቀዘቀዘ ጡንቻ ግትር ነው። 10 ደቂቃ ሶምሶማ፣ እግር ማወናጨፍ፣ ጉልበት ከፍ አድርጎ መራመድ፣ ፍጥነት እየጨመሩ ሁለት ሦስት አጭር ሩጫ። ልብስ እስኪሞቅ አይወለቅ። ቆሞ እግርን አጥብቆ መሳብና አንድ ደቂቃ መያዝ፣ ብዙዎች ማሟሟቅ የሚሉት፣ ብቻውን ከስንጥቅ እምብዛም አይጠብቅም። የሚጠብቀው ጥንካሬ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተፈተነው እንቅስቃሴ ምንም ዕቃ አይጠይቅም። ጋቢ አጥፋችሁ መሬት ላይ ታነጥፋላችሁ፣ በጉልበታችሁ ትንበረከካላችሁ። ጓደኛችሁ ከኋላ ቁርጭምጭሚታችሁን አጥብቆ ይይዛል። ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ እንዳላችሁ፣ ወገብ ሳታጥፉ፣ ቀስ ብላችሁ ወደፊት ትወድቃላችሁ። የጭን ኋላ ጡንቻ ፍሬን ይይዛል። መያዝ ሲያቅተው በእጃችሁ መሬቱን ተቀበሉ፣ ገፍታችሁ ተመለሱ። ኖርዲክ ይባላል። በእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ይህን የሠሩት ቡድኖች የጭን ኋላ ጉዳታቸው በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

ለገና የሚዘጋጅ ሰው ጥቅምት ላይ ይጀምር። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ዙር፣ በየዙሩ 5 ጊዜ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀስ በቀስ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ እስከ 8 ወይም 10። በመጀመሪያው ሳምንት ጭናችሁ ይታመማል፣ የአልዩ አምባው ቁልቁል ዓይነት ሕመም ነው፣ በሁለተኛው ይለቃል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ያስታወሰው ግን ለዘንድሮ ይተወው። በጨዋታው ሰሞን ቢጀምር የታመመ ጭን ይዞ ነው ሜዳ የሚገባው። እሱ ዘንድሮ ግብ ይጠብቅ፣ ኖርዲኩን ከጥር ጀምሮ ለከርሞ ይሥራ።